ወፍጮው ተገኘ፣ እሳቱስ?

ሄንሪክ ኖርስከርና ጄምስ ዳኒሽ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ ስለ ልባስ ያውራ እንጂ ጉልበቱ ያለው ወፍጮው ላይ ነው። ልባስ የምለው የቡና ሲኒ ላይ የምናየውን፣ በእሳት ቀልጦ የሚያብለጨልጨውን መስታወታማ ሽፋን ነው። የመጽሐፉ ስም «ግሌዝስ ፎር ዘ ሰልፍ ሪላያንት ፖተር» ይባላል፤ «ልባስ ራሱን ለቻለ ሸክላ ሠሪ» ብንለው ያስኬዳል። ያሳተመው የያኔው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ ጂቲዜድ፣ ነው። ስለ ምድጃ፣ ስለ ሸክላ አፈርና ስለ ቅርጽ አወጣጥ የተጻፉ ሦስት ጥራዞች በዚሁ ስም ቀድመውት ወጥተዋል። ድርጅቱን በአገራችን የሚያስታውሰው ብዙ ነው፤ እንጨት ቆጣቢውን «ምርጥ» የተባለ የእንጀራ ምድጃ ከመንደር መንደር ካዳረሱት አንዱ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገኛል።

መጽሐፉ የሚያናግረው ሰው የተዘጋጀ የልባስ ዱቄት የሚሸጥ ሱቅ አጠገቡ የሌለውን ሸክላ ሠሪ ነው። ድንጋይህን ከተራራህ አምጣ፣ አመድህን ከምድጃህ ዛቅ፣ የተሰበረ ጠርሙስ ለቅም፣ ፍጭ፣ ቀላቅል፣ በትንንሽ ገል ላይ ቀብተህ ተኩስ፣ ያየኸውን መዝግብ ይለዋል። ምክሩ ጨዋ ነው፤ አንባቢውን አይንቅም፤ ከላይ ሆኖ አያስተምርም። ሁለትና ሦስት ዕቃ በተለያየ መጠን እየቀላቀሉ መሞከርን የሚያስረዳበት ክፍል ለማንኛውም የእጅ ሙያተኛ ይጠቅማል። የሴገር ቀመርን፣ ማለትም የልባስን ቅንብር በሞለኪዩል ቆጥሮ የሚጽፈውን ስሌት፣ የሚያስተዋውቅበት ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። የሞለኪዩል ቆጠራ ለለመደ ሰው ቀላል ነው፤ ኬሚስትሪን በትምህርት ቤት ጥሎት ለወጣ፣ ጭራሽም ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ግን በሩ እዚያ ላይ ይዘጋል። ደራሲዎቹ የጻፉት ለሸክላ ሠሪው ነው ወይስ ሸክላ ሠሪውን ሊያሠለጥን ለሄደው የፕሮጀክት ሰው? አንዳንዱ ገጽ ለአንደኛው፣ አንዳንዱ ለሌላኛው የተጻፈ ይመስላል።

እኔ ያነበብሁት ብልባላን እያሰብሁ ነው። ብልባላ ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለች የላስታ አገር ናት፤ ሰው የሚያውቃት በብልባላ ጊዮርጊስና በብልባላ ቂርቆስ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ በጊዮርጊስም ንቦችና ፈዋሽ ነው በሚባለው ማራቸው ነው። ድንጋይ አያጣትም። የላስታ ተራራ እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልትና የባዛልት ዘመድ ነው፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም የተፈለፈሉት ከዚሁ ወገን ከሆነ ቀዳዳማ ድንጋይ ነው። ባዛልት ደግሞ ለልባስ የሚሆን ነገር ነው። ሲሊካው፣ አሉሚናው፣ ካልሲየምና ማግኒዥየሙ፣ ከ10 በመቶ ወዲህና ወዲያ የሚሆነው የብረት ኦክሳይዱ አንድ ላይ ተፈጥሮለታል። በደንብ ልሞ 1,250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢተኮስ ብዙ ሳይጨመርበት ጥቁር ቡናማ ልባስ ይወጣዋል። ስለዚህ የመጽሐፉ ተስፋ ለላስታ ባዶ ቃል አይደለም። ድንጋዩ ደጃፍ ላይ ነው፤ የሚያልመው ነው የጠፋው።

የሚያልመው በፋብሪካ ሰዎች አፍ ቦል ሚል ይባላል። ሲሚንቶ ፋብሪካ የጎበኘ ሰው አይቶት ይሆናል፤ በጎኑ ተኝቶ የሚሽከረከር፣ በከፊል በብረት ኳስ የተሞላ ግዙፍ ከበሮ ነው። ከበሮው ሲዞር ኳሶቹን ግድግዳው ተሸክሟቸው ይወጣል፤ ከፍታ ላይ ሲደርሱ ይናዳሉ፤ ሲናዱ መሐላቸው የገባውን ይሰብራሉ፣ ያሻሉ። ሥራው ይኸው ነው። ጥርስ የለው፣ ምላጭ የለው፣ የሚጠብቅና የሚላላ ድንጋይ የለው። የቤት ውስጥ ስሪቱ ከባልዲ ብዙ የማይበልጥ በርሜል ሆኖ ሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች ላይ ይጋደማል።

መጽሐፍን በወረቀት ብቻ መመዘን ስላልወደድሁ ከአንድ በያጅና ከአንድ ቶርኖ ሠራተኛ ጋር ሆነን አንዱን አቆምን። ከበሮው የወፍራም የብረት ቱቦ ቁራጭ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱም እንዲሁ። ውስጡን በአሮጌ የመኪና ጎማ አለበስነው፤ ስለዚህ የውስጥ ስፋቱ 28 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጎማው ድምፅ ይቀንሳል፤ የከበሮው ብረት እየተፋቀ ዱቄቱ ውስጥ እንዳይገባም ይከላከላል። አንደኛው ጫፍ በላሜራ ተበየደ፤ ሌላኛው በብሎን የሚጠብቅ ክዳን ሆነ፣ ከሥሩ የካላማዳሪ ጎማ ተቆርጦ ተነጠፈለት። ከሥር 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ዘንጎች በአራት ኩሽኔታ ላይ ተቀመጡ። አንዱን ሞተሩ በቺንጋ ይነዳዋል፤ ሌላው ዝም ብሎ ይከተላል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ጋራዥ የሚሠራው ነገር ነው፤ ለመጽሐፉም የምሰጠው ምስጋና ለዚህ አይደለም።

ምስጋናው የሚጀምረው ፍጥነት ላይ ነው። ገጠሬም ከተሜም ይህን ማሽን ሲያይ መጀመሪያ የሚለው «ቢፈጥን ይሻላል» ነው። አይሻልም። ከበሮው ከተወሰነ ፍጥነት ካለፈ ኳሶቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አብረው ይዞራሉ፤ መናድ ይቀራል፤ መፍጨትም አብሮ ይቀራል። ያ ወሰን የሚሰላበት መንገድ ቀላል ነው። የከበሮውን የውስጥ ስፋት በሜትር ትወስዳላችሁ፤ ካሬ ሥሩን ታወጣላችሁ፤ 42.3ን በዚያ ታካፍላላችሁ፤ የሚመጣው በደቂቃ ስንት ዙር ሲሆን ኳሱ እንደሚለጠፍ ይነግራችኋል። የእኛ ከበሮ 0.28 ሜትር ነው፤ ካሬ ሥሩ 0.53 ገደማ፤ ወሰኑም 80 ዙር። ወፍጮው መሥራት ያለበት ከዚያ ከ60 እስከ 70 በመቶው ላይ ነው፤ ማለትም በደቂቃ ከ48 እስከ 56 ዙር። አሁን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,440 ይዞራል። ሞተሩ ላይ 6፣ ዘንጉ ላይ 28 ሴንቲ ሜትር ፑሊ ብናስገባ ዘንጉ 308 ይዞራል። የከበሮው ውጫዊ ስፋት ከዘንጉ ስድስት እጥፍ ነውና ከበሮው 51 ላይ ይወድቃል። ቶርኖ ሠራተኛው ይህን በኖራ መሬት ላይ ጽፈን ስናሰላ መጀመሪያ ቀለደብን፤ ፑሊውን ሲያወጣ ግን የለካው በካሊፐር ነበር።

ቀጥሎ ያለው ሙሌቱ ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ከበሮው 18 ሊትር ይይዛል። ኳሶቹ በመሐላቸው ያለውን ክፍተት ጨምሮ ግማሹን መያዝ አለባቸው፤ የወንዝ ጠጠር ከሆነ 15 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የሚፈጨው ነገር ክፍተቱን ሞልቶ ኳሶቹን ለጥቂት ይሸፍን፤ ከከበሮው ሩብ ገደማ። ከዚያ በታች ከሆነ ኳስ ከኳስ እየተጋጨ ራሱን ይበላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኳሱ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ አቅም ያጣል። ውኃውም ልክ አለው፤ የተፈጨው ድፍድፍ አንድ ሊትሩ 1.6 ወይም 1.7 ኪሎ ቢመዝን ደህና ነው። በውኃ መፍጨት ሌላ ጥቅምም አለው። የድንጋይ ዱቄት ሲቦን የሚተነፈሰው ሲሊካ ሳንባ የሚያደርቅ በሽታ ያመጣል፤ የረጠበ ነገር ግን አይቦንም።

ቁጥሩን ከመጽሐፍ ያገኘን ሰዎች ጆሮውን ያገኘነው ከአንድ ባለወፍጮ ነው። እህል ወፍጮ ሲያስፈጭ ያረጀ ሰው ነው፤ ድንጋዩ ሲለዝብ ዱቄቱን ሳያይ በድምፁ ያውቃል፤ ያኔ አስቁሞ ያስወቅረዋል። የእኛን ከበሮ ቆሞ አዳመጠና ቶሎ ገባው። ሲዘገይ ኳሶቹ በጅምላ እየተንሸራተቱ አሁንም አሁንም ድም ይላሉ። ሲፈጥን ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ልኩ ላይ ሲሆን የክረምት ጅረት ጠጠር እያንከባለለ ሲወርድ የሚያሰማውን፣ የማይቋረጠውን ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ሹል ኳኳታ ከተሰማ ከበሮው ረሃብ ላይ ነው፤ ድንጋይ ጨምሩ። ታፍኖ ከተሰማ ድፍድፉ ወፍሯል፤ ውኃ ጨምሩ። ከሰዓታት በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ከድፍድፉ ትንሽ በጣት ተነክሮ በፊት ጥርስ መሐል ሲታሽ ምንም ካልቆረቆረ ለወንፊት ደርሷል። ጥርስ 100 ቀዳዳ በኢንች ካለው ወንፊት አይተናነስም።

የኳሱ ነገር ላይ ከልባስ ሰዎች ጋር አልስማማም። የሙያው መጻሕፍት በአጠቃላይ ብረት እንዳይገባ ይሰጋሉ፤ ነጭ ልባስ የሚሠራ ሰው ስጋቱ ልክ ነው፤ አንዲት የብረት ቅንጣት ሳህኑ ላይ ነጠብጣብ ሆና ትወጣለች። ስለዚህ ባልጩት ወይም የሸክላ ፋብሪካ ኳስ ግዙ ይላሉ። ላስታ ላይ ይህ ገንዘብ ማባከን ነው። የተከዜ ምንጮች ከሚወርዱበት አገር ድብልብል የባዛልት ጠጠር እንደ ልብ ይለቀማል። ኳሱም ባዛልት፣ የሚፈጨውም ባዛልት ከሆነ ኳሱ ቢበላ ማን ተጎዳ? ልባሱ ራሱ በብረት የጠቆረ ነው። መጽሐፉ ራስን ስለ መቻል ከሚያወራው ሁሉ ይልቅ እንዲህ ያለች አንዲት ማቃለያ ለብልባላ ሰው ትጠቅመው ነበር። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ ጠጠሩ ቀዳዳማ ወይም የመሸከሸክ ዝንባሌ ያለው እንዳይሆን መርጦ መልቀም።

የኤሌክትሪኩ ነገር ብዙ አያሳስበኝም። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙ አይበልጥም። የሚያሳስበው መብራቱ መኖር አለመኖሩ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 መጨረሻ ላስታ ሲገባ መብራቱ ጠፍቶ ሰው ወደ መጅና ወደ እጅ ወፍጮው የተመለሰበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ከዚህ ወዲያ መጽሐፉን የምወቅስበት ነገር ይጀምራል፤ ወቀሳዬም ከወፍጮው ይነሣል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው «ራሱን የቻለ ሸክላ ሠሪ» ብቻውን ነው። ድንጋዩን የሚያመጣ እሱ፣ ወፍጮውን የሚያቆም እሱ፣ ቀመሩን የሚያሰላ እሱ፣ ምድጃውን የሚገነባ እሱ፣ ገበያ የሚወጣም እሱ። በላስታ እንዲህ ያለ ሰው የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ያቺን ትንሽ ከበሮ ለማቆም እንኳ በያጅ፣ ቶርኖ ቤት፣ ጎሚስታና ባለወፍጮ አስፈልጎናል። ከሁሉም ይልቅ ነገሩ ባሕርዩ የሆነው ባለወፍጮው ነው። ዘንግ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ የናፍጣ ሞተር ያለው እሱ ነው፤ ፍጥነትን ማስተካከል የዕለት ሥራው ነው። ወፍጮ ቤቱ ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ከዚያው ዘንግ ላይ አንድ ፑሊ ቢጨምር ከበሮው ይዞራል፤ እርግጥ ከእህሉ ርቆ፣ በሌላ ክፍል፣ የድንጋይ ዱቄት ከጤፍ ጋር እንዳይገናኝ። መጽሐፉ ይህን ሰው አያውቀውም። ሸክላ ሠሪዋን ወፍጮ ሠሪ ሊያደርጋት ይደክማል፤ ወፍጮ ሠሪውን ግን ጎረቤት አድርጎ አላስቀመጠላትም።

ሸክላ ሠሪዋ ብያለሁ። መጽሐፉ ሠሪውን በወንድ ይጥራው በሴት፣ በእኛ ደጋ ጭቃ የሚያቦካውና ምጣድ የሚያወጣው በአብዛኛው የሴት እጅ ነው። እሷም ፈጪ ናት፤ ግን የምትፈጨው ሌላ ነገር ነው። የተሰበረ የሸክላ ገል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ በመጅ ትደቁሰዋለች፤ ትነፋዋለች፤ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ትለውሰዋለች። ገሉ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ፣ እሳት ሲነካው እንዳይፈነዳ ይይዘዋል። ይህ ገል ሆን ተብሎ ሸካራ ነው፤ የላመ ዱቄት ቢሆን ሥራውን አይሠራም። ቦል ሚል ለዚህ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ልባስ ልሥራ ካለች ብቻ ነው።

ለምንስ ትሠራለች? እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልብ ነው፤ ልባስ ላቡን ይዘጋዋል። ምጣድ በጎመን ዘር ተሟሽቶ ነው እንጀራ የሚለቀው። ጋኑ ለጠላ በወይራ ሲታጠን ጭሱን የሚይዘው በቀዳዳው ነው። በላስታ ገበያ ጀበና የሚገዛ ሰው በጣቱ አንጓ ቆርቆር አድርጎ ያዳምጣል፤ ደፍኖ ከጮኸ ስንጥቅ አለው ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ማብለጭለጩን አይጠይቅም። ልባስ የሚፈልገው ሳህንና ኩባያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ገበያውን የቻይና ሳህንና ፕላስቲክ ይዞታል። መጽሐፉ ልባስን የሸክላ ሥራ ቀጣይ ደረጃ አድርጎ ስለሚያይ ያልተለበሰ ሸክላ በራሱ የተሟላ ዕቃ ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ አይቆምም።

ማይክል ካርዱ እዚህ ላይ ይበልጠዋል። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው «ፓዮኒር ፖተሪ» ከናይጄሪያው የአቡጃ ማሠልጠኛ ተሞክሮው የተቀዳ ነው። ለተግባር ብዙ ጊዜ ይከብዳል፤ ስለ ድንጋይ አፈጣጠር ሲያወራ ግን ያነበበው ሰው ተራራውን በሌላ ዓይን ያያል። ከካርዱ መጽሐፍ ይልቅ ግን የማሠልጠኛው ታሪክ ነው ለእኛ ትምህርት ያለው። ላዲ ኩዋሊ የምትባል የግዋሪ ሴት በእጇ የምትሠራቸውን የውኃ ገንቦዎች እዚያ በልባስ አልብሳ በከፍተኛ ሙቀት ተኮሰች፤ ሥራዎቿ ለንደን ድረስ ሄደው ታዩ፤ ምስሏ ዛሬ የናይጄሪያ 20 ናይራ ላይ አለ። ገንቦዎቹ ግን ከዚያ ወዲያ ውኃ ማቀዝቀዣ አልነበሩም። ሰብሳቢ የሚገዛቸው የጥበብ ሥራዎች ሆኑ። ይህ ውድቀት ነው አልልም፤ ትልቅ ክብር ነው። ለብልባላ ሠሪ ግን የሚነገራት ይህ መሆን ነበረበት፤ ልባስ የምትሸጥበትን ገበያ ነው የሚቀይረው፤ ገዢዋ ጎረቤቷ መሆኑ ቀርቶ ላሊበላ የመጣ እንግዳ ይሆናል። እንግዳ በመጣበት ዓመት፣ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ መጽሐፉ ፈጽሞ የማይነካው። በአማራ ደጋ ሸክላ የሚሠራ ሰው ለዘመናት ቡዳ ተብሎ ተፈርቷል፤ ከመሬትና ከጋብቻ ተገልሏል። ከዚህ ሥራ ብዙውን ይዘው የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል ሄዱ። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ አሁንም በሸክላ ትታወቃለች፤ ሠሪዎቹ ግን በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ሙያውን «ዘመናዊ» ማድረግ ማሽን ከማቆም ሌላ ጣጣ አለው። ሸክላ ሠሪዋ ባለወፍጮው ቤት ገብታ ዘንጉን ተጋርታ መሥራት ትችላለች ወይ የሚለውን ጥያቄ የፑሊ ስሌት አይመልሰውም።

እሳቱን ወደ መጨረሻ ያስቀረሁት የመጽሐፉ ዋና ቅራኔ እሱ ስለሆነ ነው። የላስታ ሸክላ የሚተኮሰው ሜዳ ላይ ነው፤ ኩበትና ጭራሮ ተነባብሮበት። እንዲህ ያለ እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። ባዛልት ደግሞ 1,200 ገደማ ካልደረሰ ልባስ እስኪሆን አይቀልጥም። ወፍጮው የቱንም ያህል ቢያልመው የጎደለው 300 ዲግሪ በዱቄት ልመት አይሞላም። የተዘጋ ምድጃ ይሠራ ቢባል ቀይ የሸክላ አፈር ራሱ እዚያ ሙቀት አይደርስም፤ 1,100 ካለፈ በኋላ ያብጣል፣ ይዝላል። ከኛው ከበሮ የወጣውን ዱቄት አዲስ አበባ በአንድ ሰው የኤሌክትሪክ ምድጃ 1,250 ላይ አስተኩሰነው ነበር። ነጭ የፋብሪካ ሸክላ ላይ የተቀባው ጠርዙ ላይ ሳስቶ ቡናማ፣ ሆዱ ላይ ጠቁሮ፣ እግሩ ዘንድ ጥቂት ተንጠባጥቦ፣ የሚያኮራ ሆኖ ወጣ። ከላስታ አፈር የተሠራችው ኩባያ ግን ጎንዋ ተጣሞ፣ ከመደርደሪያው ጋር ተጣብቃ ነው የተገኘችው። እዚያ ሙቀት የሚቆም አፈር አገራችን ውስጥ አለ፤ የቦምቦዋ ካኦሊን አንዱ ነው። እሱን ግን ከጉጂ ላስታ ማምጣት ራስን መቻል አይባልም።

ደራሲዎቹ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ዝቅተኛ ሙቀት ላይ ለሚሠራ ሰው የሚያቀርቡት መፍትሔ ፍሪት ነው። ቦራክስን ከሲሊካ ጋር አቅልጦ፣ የቀለጠውን ውኃ ውስጥ አፍስሶ፣ የተሰባበረውን መስታወት እንደገና መፍጨት። ያኔ ልባሱ 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ቦል ሚሉም ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ፍሪት በመጅ አይፈጭም። መልካም ነው። ቦራክሱ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። የቦራክስን ሥራ የሚሠራ ርካሽ ነገር ቢኖር እርሳስ ነው፤ አሮጌ የመኪና ባትሪ ባለበት ሁሉ አለ። መጽሐፉ የእርሳስን መርዛማነት ሳይሸፋፍን ይናገራል፤ ለዚህ ክብር ይገባዋል። እኔ ብሆን በቀይ ቀለም አሳትመው ነበር። ጠጅ፣ ጠላ፣ እርጎ፣ ሎሚ የገባበት ወጥ፣ የምንጠጣውና የምንበላው ሁሉ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ በደንብ ካልተሠራ የእርሳስ ልባስ ውስጥ እርሳሱን እየሳበ ያወጣዋል። መጀመሪያ የሚጎዳው የሠሪዋ ልጅ ነው።

እንጨቱስ? አሁን ያዙልኝ ያልሁትን ልመልስ። በአንድ እጁ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ያደለ ድርጅት በሌላ እጁ የሸክላ ምድጃ በማገዶ 1,000 እና 1,200 ዲግሪ ድረስ እንዴት እንደሚሞቅ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ሁለቱም በቅንነት ነው። ላስታ ላይ ግን ሁለቱ ተገናኝተው ይጣላሉ፤ የቀረው የአገር ዛፍ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለው ነው፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም ቤት መሥሪያ፣ መሸጫና የክፉ ቀን ገንዘብ ነው። ለልባስ ሲባል የሚነድ ባሕር ዛፍ ዋጋው መጽሐፉ ውስጥ ካሉት የወጪ ነገሮች ሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ መጽሐፉን ለማን ልስጠው ብባል ለሸክላ ሠሪዋ አልሰጣትም። አዋሳ ላለው ለታቦር ሴራሚክስ ዓይነት ፋብሪካም ቀድሞ የሚያውቀውን ነው የሚነግረው፤ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላቸው ወጣት ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ግን ከዳር እስከ ዳር ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል። ለብልባላ የሚሆነው የመፍጨቱ ክፍል ብቻ ተቀንጭቦ፣ በአማርኛ፣ ከፑሊ ሰንጠረዥና ከሥዕሉ ጋር ቢታተም ነው። ተጠቃሚው ከሸክላ ውጭም አለ። ብራና የሚጽፉ ካህናት ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ጥላሸትን ከተቆላ እህልና ከቅጠል ጋር ለረጅም ጊዜ እየፈጩና እያቦኩ ነው፤ ቀይ አፈር ለቀለም የሚያልም ሠዓሊም አለ። ለእነዚህ ሁለት ሊትር የምትይዝ የሸክላ ማሰሮና እፍኝ ጠጠር፣ በዝግታ የምትዞር፣ ይበቃቸዋል፤ የውስጥ ስፋቷ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወሰኗ 122 ነው፤ 80 ላይ ብትዞር ትሠራለች። እሳት አትጠይቅም።